ከጅቡቲ እስከ ቡፌው ጀርባ፦ ኢንተርኔት ቤታችን የሚደርስበት መንገድ

ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት ባለፈው ክረምት በሬን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋብኝ። ባሕር ውስጥ ያለው ገመድ ተቆርጦ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው ውጭ አገር ነው የሚኖረው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቪዲዮ ይተያያሉ፤ ቀኑም እሑድ ነበር። «እማማ፣ መጀመሪያ ሞደሙን ልየው» ብዬ ገባሁ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ነጭ ሳጥን፣ በላቲን ፊደል ኤል፣ ኦ፣ ኤስ ተብሎ ከተጻፈው ሥር ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ቡፌውን ፈቀቅ ስናደርገው ነገሩ ተገለጠ። ለበዓል ዕቃ ሲዘዋወር ቀጭኗ ቢጫ ገመድ በቡፌው እግርና በግድግዳው መካከል ተይዛ እንደ ክርን ታጥፋለች። ቀስ ብዬ አቃናኋት። ቀዩ መብራት ጠፋ፤ አጠገቡ ያለው አረንጓዴ ለጥቂት ጊዜ ሲርገበገብ ቆይቶ ጸና።

ያ ቀይ መብራት ስለ ባሕሩ ገመድ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአቅራቢው ማዕከል ተነስቶ እዚህ ሳጥን ላይ መድረስ የነበረበት ብርሃን አልደረሰም። የባሕሩ ገመድ ቢቆረጥ ኖሮ ቀዩ ሳይበራ አረንጓዴው እንደጸና ይቆይ ነበር፤ የሚጠፋው ወይም የሚንቀራፈፈው ድረ ገጹ ነው። እኔ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። በሰፈራችን ስለ ኢንተርኔት የሚሰማው ምሬት ብዙ ነው፣ ምሬቱም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሩቁን እንከሳለን። እኔ እስካየሁት ድረስ የከተማ ዳር ነዋሪ ኢንተርኔት የሚበላሸውም የሚያምረውም ከደጁ አንስቶ ባለው አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ሰው ወርኀዊ ክፍያውን እየከፈለ ምን እንደገዛ ሳያውቅ መኖር የለበትም ብዬ ስለማምን፣ መንገዱን ከቡፌው ጀርባ ጀምሬ ወደ ውጭ ልከተለው።

ቢጫዋ ገመድ ውስጥ ያለው የመስታወት ክር ነው። ፋይበር የምንለው እሱን ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት መሃለኛው ክፍል ውፍረቱ 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው፤ ዙሪያውን የሚያቅፈው ሌላ መስታወት ሲጨመርበት 125 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል ውፍረት ያላቸው ስምንት ክሮች ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። ብርሃኑ ከመሃለኛው መስታወት ሊያመልጥ ሲል የውጭው መስታወት መልሶ ወደ ውስጥ ያንጸባርቀዋል፤ እንዲህ እየሆነ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ክሩ ከልክ በላይ ሲታጠፍ ግን ብርሃኑ በታጠፈበት ቦታ ይፈስሳል። የጎረቤቴ ብርሃን ቡፌው ጀርባ ነበር የሚፈሰው። ባለሙያዎች ይህን የሚፈልጉት በብዕር መልክ በተሠራ ቀይ ብርሃን ነው። ብዕሩን ገመዱ ጫፍ ላይ ሲሰኩት የታመመው ቦታ ከቢጫው ልባስ ሥር እንደ ፍም ይቀላል። ዋናው የኢንተርኔት ብርሃን ግን ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ የተነቀለ ገመድ ጫፍን ዓይን አስጠግቶ ማየት አደገኛ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ልብ ይበል።

አሁን ከቤት እንውጣ። ገመዱ በደረጃው ግድግዳ ወርዶ ሕንፃው ላይ ወይም ምሰሶ ላይ ወደተሰቀለ ትንሽ ሳጥን ይገባል። እዚያ ውስጥ ባለሙያዎቹ ስፕሊተር የሚሉት ማከፋፈያ አለ። ከማዕከሉ የሚነሳው አንድ ክር ነው፤ ማከፋፈያው ብርሃኑን ለሁለት፣ ያንን እንደገና ለሁለት እያደረገ ይከፍለዋል። አምስት ጊዜ ለሁለት ሲከፈል 32 ቤት ይደርሳል፣ ስድስት ጊዜ ሲከፈል 64። ክፍፍሉ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቦታ ይሠራል፤ መንገድ ዳር ባለው ትልቅ ሳጥን ለአራት፣ ሕንፃው አጠገብ ባለው ትንሽ ሳጥን ለስምንት። «ፖርት አልቋል» የሚባለው መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማዶ ያለው ብሎክ ኢንተርኔት ሲኖረው የእርስዎ ብሎክ የሌለው፣ ወይም አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት አግኝቶ እርስዎ ያጡት፣ ሰው ስላዳላ ላይሆን ይችላል። ስምንት ቀዳዳ ያለው ሳጥን ስምንት ቤት ከያዘ ዘጠነኛውን የሚያስገባበት የለውም፤ ሌላ ሳጥን እስኪሰቀል መጠበቅ ግድ ነው። ለዚህ ነው አንድ በአንድ እየሄዱ ከመመዝገብ ይልቅ በብሎክ ተሰባስቦ፣ በሕንፃው ኮሚቴ በኩል ስም ዝርዝር ይዞ መጠየቅ የተሻለ ነው የምለው። ለአንድ ቤት ተብሎ ሳጥን ላይሰቀል ይችላል፤ ብዙ ቤት አብሮ ሲጠይቅ ግን ዕድሉ ይሰፋል።

ማከፋፈያው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መስታወት ብቻ ነው። ይህ ለእኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ማዕከሉ በባትሪና በጄኔሬተር ይሠራል፣ መንገዱ ላይ ያለው ሳጥን የሚጠፋበት ነገር የለውም፤ የሚሞተው የእርስዎ ሞደም ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሞደሞች የሚጠቀሙት 12 ቮልት ነው። የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቦ ልኩ የሆነ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ መግዛት ሻማ እያበሩም ቢሆን ሥራን ለመቀጠል ያስችላል። ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለው ወጪ ለከተማ ዳር ነዋሪ አላውቅም።

32 ቤት አንድ ክር ሲጋራ መልእክቱ እንዴት አይደባለቅም? የእድር ጥሩምባ ነፊን ያስቡ። ሲጣራ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል፤ የሚወጣው ግን ጉዳዩ የሚመለከተው ነው። ከማዕከሉ የሚወርደው ብርሃንም እንዲሁ ለሁሉም ቤት ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ሞደም የራሱን ብቻ አንሥቶ የቀረውን ይተወዋል። የጎረቤትን መልእክት አንብቦ መረዳት እንዳይቻል ደግሞ የሚወርደው መልእክት በምስጢር ቁልፍ ሊቆለፍ ይችላል። ወደ ላይ ሲሆን ሥርዓቱ ይለወጣል፤ እንደ እድሩ ስብሰባ ይሆናል። ሰብሳቢው ዕድል ሳይሰጥ ማንም አይናገርም። ማዕከሉ ያለው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ሞደም ከሰከንድ ሽርፍራፊ የምታንስ ተራ ይሰጠዋል፤ ሞደሙ በተራው ብቻ ብርሃኑን ያበራል። የሚወርደውና የሚወጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በአንድ ክር ላይ ሳይጋጩ ይተላለፋሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። «ፋይበሩን ሰው ስለተጋራው ነው ማታ ማታ የሚንቀራፈፈው» ሲባል እሰማለሁ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ጂፖን የሚባለው በሰፊው የተለመደው ሥርዓት በአንድ ክር ወደ ታች በሰከንድ ወደ 2500 ሜጋቢት ይልካል። 32 ቤቶች ሁሉም በአንድ ጊዜ እስከ ጥግ ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ 78 ሜጋቢት ያህል ይደርሰዋል። የገዛችሁት 10 ሜጋቢት ከሆነ ሁላችሁም ተደምራችሁ 320 ናችሁ። ስለዚህ ማታ ማታ የሚጠበው ይህ ክር አይደለም። ወይ ከማዕከሉ በላይ ነው፣ ወይ ሳሎንዎ ውስጥ ነው።

ከማዕከሉ በላይ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አቅራቢ ድርጅት ራሱም ደንበኛ ነው። ከዓለም አቀፍ ኩባንያዎች በጅምላ ይገዛል፣ ለእኛ በችርቻሮ ይሸጣል። ሁላችን በአንድ ሰዓት አንጠቀምም ብሎ ስለሚያስብ ለደንበኞቹ የሸጠው ሲደመር ከገዛው ይበልጣል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ባንክም ያስቀመጥነውን ገንዘብ ሁላችንም በአንድ ቀን እንደማንጠይቅ አስቦ ነው የሚሠራው። ጥያቄው ምን ያህል አብዝቶ ሸጠ የሚለው ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ ባሕር የሚያገኘው ጎረቤት አገር ሄዶ ነው፤ በጅቡቲ፣ በኬንያ ወይም በሱዳን በኩል። ብርሃን መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚሆነው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መንገድ ርዝመት ከሰከንድ ሺህ እጅ አራቱ ይበቃዋል። የባሕር ገመድ መቆረጥ በእርግጥ ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በቀይ ባሕር ውስጥ ያሉ ገመዶች ተቆርጠው ነበር። ሲደርስ ግን የሚቸገረው ብዙ አገር ነው። እርስዎ ብቻ ከተቸገሩና ጎረቤትዎ ደህና ከሆነ ባሕሩን ተዉትና ቡፌውን ፈቀቅ አድርጉት።

ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈርስ? ከፋይበር በፊት የነበረው የመዳብ ሽቦ ነው። የስልክ ሽቦ ታሪካችን ረጅም ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የመዳቡ ችግር ለሰው ድምፅ ተብሎ መሠራቱ ነው። ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከድምፅ እጅግ የፈጠነ ንዝረት ነው፤ ፈጣን ንዝረት ደግሞ መዳብ ላይ ቶሎ ይደክማል። በዚህ ሽቦ የሚሠራው ኤዲኤስኤል የሚባለው አገልግሎት ማዕከሉ አጠገብ ላለ ቤት እስከ 24 ሜጋቢት ሊሰጥ ይችላል። አምስት ኪሎ ሜትር ለራቀ ቤት ግን ጥቂት ሜጋቢት ከሰጠ ትልቅ ነገር ነው። ፋይበሩ በአንጻሩ ከማዕከሉ 20 ኪሎ ሜትር ለሚርቅ ቤትም ያንኑ ፍጥነት ያደርሳል። አሮጌው ቴክኖሎጂ የመሃል ከተማ ሰው ቴክኖሎጂ ነበር ማለት ነው፤ ርቀትን የማይቀጣ መስመር ያገኘነው በፋይበር ነው። በዚህ ምክንያት በቱሉ ዲምቱም ሆነ በለገጣፎ አዲስ ለሚሠራ ሰፈር መዳብ እንዲዘረጋለት የሚጠይቅ ካለ እባካችሁ ምከሩት።

ሌላው ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው። ይህ ከሞባይል ማማ በአየር ይቀበላል። ለመጀመር ቀላል ነው፤ ምሰሶም ቁፋሮም አይፈልግም፣ ገዝቶ መሰካት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ለጎን አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ምርጫ አለ። ይሁንና አየሩ የጋራ ነው። ማማው ላይ ያሉት አንቴናዎች ብዙውን ጊዜ ሦስት አቅጣጫ ተካፍለው ይሸፍናሉ፤ በአንዱ አቅጣጫ ያለ ሰው ሁሉ፣ በስልኩም በራውተሩም፣ ያንኑ አየር ይካፈላል። የእኛ ሰፈር ቀን ቀን ባዶ ነው፤ ሰዉ ሥራ ወርዷል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱና ታክሲው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያራግፋል፤ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። በዚያ ሰዓት የሚንቀራፈፈው የማማው መስመር ነው። ራውተሩን ማማው ወዳለበት አቅጣጫ ባለው መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ማማው ራሱ ከሌላ ማማ ጋር የተገናኘው በፋይበር ሳይሆን በሬዲዮ ሞገድ ከሆነ ደግሞ የክረምት ዶፍ ሊያዳክመው ይችላል።

ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ቆየ። መንገድ ሲሠራ ኤክስካቫተር ፋይበሩን በጥሶት ነው። በሁለተኛው ቀን ሁለት ወጣት ባለሙያዎች ቦዩ ዳር ትልቅ ጃንጥላ ተክለው፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ጠረጴዛ አድርገው ሲሠሩ አገኘኋቸው። ጥቁሩ ገመድ ተከፍቶ ክሮቹ ተዘርግተዋል፤ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ። አንዱ ልጅ የክሩን ቀለም ልጦ መስታወቱን አወጣው። አልኮል በነካ ጨርቅ ሲጠርገው ሲር የሚል ድምፅ ሰጠ። በትንሽ መቁረጫ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ቆረጠና ማሽኑ ውስጥ አስተኛው፤ የሌላውንም ጫፍ በፊት ለፊቱ። በማሽኑ ትንሽ ስክሪን ላይ ለዓይን በጭንቅ የሚታዩት ሁለት ጫፎች እንደ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ገዝፈው ታዩ። ቀስ በቀስ ተጠጋጉ፣ ከፍና ዝቅ ብለው ተስተካከሉ፣ አንዲት ብልጭታ ታየች፣ መጋጠሚያው ጠፋ። ሁለቱ አንድ ሆነዋል። «0.02» አለ ልጁ፤ በመገጣጠሚያው የጠፋው ብርሃን መጠን ነው። ከዚያ መከላከያ እጅጌውን አልብሶ በሙቀት አጠበቀውና ወደሚቀጥለው ቀለም ሄደ። ሰማያዊን ከሰማያዊ፣ ብርቱካናማን ከብርቱካናማ። አንዱ ቢሳሳት የአንድ ብሎክ ሰው ወደ ሌላ መሣሪያ ይላካል። አቧራ፣ ነፋስና የእጅ ላብ ጠላቶቻቸው ናቸው። ቀኑን ሙሉ «መቼ ይመጣል?» እያልን ስንቆጣባቸው የነበሩት ልጆች ይህን እንደሚሠሩ ማናችንም አላወቅንም ነበር። ውሃ ልኬላቸው ትንሽ ቆሜ አየሁ፤ ያልተደነቅሁበት ደቂቃ የለም። ቁጣው መሆን የነበረበት ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ከመሬቱ በታች ምን እንዳለ ያልጠየቀው ላይ ነው።

ለድርጅት ሲሆን ነገሩ ይለያል። በገላን ያለ ፋብሪካ፣ የባንክ ቅርንጫፍ ወይም ክሊኒክ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ለብቻው የተመደበ መስመር ነው። የሚቀበለውና የሚልከው ፍጥነት እኩል ነው፤ ብልሽት ሲደርስ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚጠገን በውል ይጻፋል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይወደዳል፤ ሰው «ያው 10 ሜጋቢት ነው፣ ለምን ይህን ያህል?» ይላል። የሚከፈለው ለማንም ላለመካፈሉና ለውሉ ነው። ሌላው ጉዳይ አድራሻ ነው። አሁንም በስፋት የሚሠራበት የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ሊይዝ የሚችለው 4.3 ቢሊዮን ቁጥር ያህል ብቻ ስለሆነ አቅራቢዎች ብዙ ቤቶችን በአንድ አድራሻ ሥር ያስጠልላሉ። ፊልም ለማየት ችግር የለውም። ሱቁ ላይ ካሜራ ሰቅሎ ከቤቱ በቀጥታ ማየት የሚፈልግ ነጋዴ ግን ከውጭ የሚመጣው ጥሪ በሩን አያገኘውም። ወይ በአምራቹ ሰርቨር በኩል የሚሠራ ካሜራ መግዛት፣ ወይ የራሱን ቋሚ አድራሻ መጠየቅ አለበት። ሁለት መስመር ገዝተው «አንዱ ቢቋረጥ አንዱ አለኝ» የሚሉ ድርጅቶችንም አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሁለቱ መስመሮች ወደ ግቢያችሁ የሚገቡት በአንድ ቦይ ነው? ከሆነ አንድ ኤክስካቫተር ይበቃቸዋል።

ወደ ሳሎን ልመለስ። ፋይበሩ ሞደሙ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዋይፋይ የእርስዎ ጉዳይ ነው። ብዙው ሞደም በሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግድግዳ ያልፋል፣ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፤ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ከላይም ከታችም ከጎንም ያሉ ጎረቤቶች ሁሉ ስለሚጠቀሙበት ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ብሎኬት ግድግዳ ሲያገኝ ግን ይደክማል። ፍጥነቱን መመዘን የሚፈልግ ሰው ኮምፒውተሩን በኬብል ሞደሙ ላይ ሰክቶ ይለካ። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ካነሰ አቅራቢው ጋር መደወል ጊዜ ማባከን ነው። ሲለኩም ቢትና ባይት ይለዩ፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነው። 10 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው። 1000 ሜጋባይት ፊልም ለማውረድ ሁሉ ነገር ቢሳካ 13 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። «10 ገዝቼ 1 ብቻ ይደርሰኛል» ከሚለው አቤቱታ ብዙው ከዚህ የመጣ ነው።

በመጨረሻ፣ በፉሪም በሰበታም በሱሉልታም ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ይህን አድርጉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቱቦ ሲቀብር ከአጥሩ አንስቶ ሳሎኑ ውስጥ ሞደም እስከሚቆምበት ቦታ ድረስ ለብቻው አንድ ቱቦ ይቅበርላችሁ፤ ከኤሌክትሪኩ ጋር በአንድ ቱቦ አይሁን። መታጠፊያዎቹ ሰፊ ይሁኑ፤ ዘጠና ዲግሪ የተሰበረ ጥግ ፋይበሩን ያንቀዋል። ውስጡ መጎተቻ ሽቦ ይተውበት፣ ሁለቱም ጫፍ ዝናብና አይጥ እንዳይገባበት ይደፈን። የሞደሙ ቦታ ከቤቱ ጥግ ሳይሆን ወደ መሃል የቀረበ ይሁን፤ አጠገቡም ሶኬት አይርሱ። ጎረቤቴ እማማም አሁን ቡፌውን ከግድግዳው አንድ ጋት አርቀው፣ ቢጫዋን ገመድ በስፖንጅ ሸፍነው አስቀምጠዋታል።